ሰይዲና ዑመርና የተራበው ሌባ

ረመዷን በፈቃዳችን የምንራብበት ወር ነው። ጎህ ሲቀድ ከምግብ እንታቀባለን፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ቴምሩ፣ ሾርባውና ሳምቡሳው ቀርቦ ይጠብቀናል። ረሃባችን የሚያበቃበት ደቂቃ ሳይቀር ግድግዳችን ላይ በለጠፍነው የረመዷን ካላንደር ላይ ተጽፏል። ሳይወድ በግዱ የሚራብ፣ ረሃቡም መቼ እንደሚያበቃ የማያውቅ ሰው ግን በየመንገዱ ዳር፣ በየድልድዩ ሥርና በየመስጂዱ በር አለ። ይህ ሰው ከሱቅ ደጃፍ ዳቦ አንስቶ ቢሮጥ፣ ከአትክልት ተራ ሙዝ ቢሰርቅ፣ ዝናብ ሸሽቶ በተከለከለ በረንዳ ቢያድር ምን ይደረግ? እስር ቤት ይግባ?

በዚህ ወር ከትምህርት በኋላ ሰዎች ይህን ጥያቄ ያነሱልኛል። አንዱ ሌባ ሌባ ነው ይላል፤ ሌላው የተራበን ሰው መቅጣት ግፍ ነው ይላል። የራሴን አስተያየት ከማስቀደም ይልቅ በሁለቱም በኩል የሚታወቁ የአንድ ሰው ታሪክ ብተርክ ይሻላል። እኚህ ሰው ሁለተኛው ኸሊፋ ሰይዲና ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ናቸው። በሕግ ጉዳይ ከእሳቸው ይበልጥ ጥብቅ የሚባል መሪ በእስልምና ታሪክ ማግኘት ይከብዳል። የጥብቅ ዳኛ ምሕረት ደግሞ ሊመረመር የሚገባው ነው፤ ከልብ መራራት ብቻ ሳይሆን ከሕግ ዕውቀትም የመጣ ነውና።

የግመል እረኛው

ዑመር የተወለዱት በመካ፣ ከቁረይሽ ነገድ በኑ ዐዲይ ከሚባለው ጎሳ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ልደታቸውን ከዝሆኑ ዓመት 13 ዓመት ያህል በኋላ ያደርጉታል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ584 አካባቢ መሆኑ ነው። አባታቸው ኸጣብ ቁጡ ነበሩ። ልጃቸውን ደጅናን በሚባል ሥፍራ ግመል ያስጠብቁ ነበር፤ ሲሠሩ ያደክሟቸዋል፣ ሲያጠፉ ይመቷቸዋል። ብዙ ዓመታት አልፈው፣ ዑመር ኸሊፋ ሆነው በዚያው ሥፍራ ሲያልፉ ያንን ዘመን አስታወሱ። ትናንት የአባታቸውን ዱላ ይፈሩ የነበሩት እረኛ ዛሬ ከአላህ በቀር በላያቸው ማንም እንደሌለ ለባልደረቦቻቸው ነገሩ።

ዑመር ሲያድጉ ረጅምና ጠንካራ፣ ትግል የሚወዱ፣ ማንበብና መጻፍ ከሚችሉ ጥቂት ቁረይሾች አንዱ ሆኑ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ እስልምና መጥራት ሲጀምሩ ከብርቱ ጠላቶች ወገን ቆሙ፤ ደካማ ሙስሊሞችን እስከ መግረፍም ደረሱ።

የልባቸው መለስለስ ምልክት መጀመሪያ የታየው ከአገራችን ጋር በተያያዘ አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ በመካ የተሰቃዩ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ ምድር፣ ወደ ንጉሥ ነጃሺ ለመሰደድ ተነሡ። ከእነሱ መካከል የዓሚር ኢብኑ ረቢዓ ባለቤት ለይላ ጓዟን ስትሸክፍ ዑመር አልፈው ሄዱና ቆም አሉ። ልትሄድ ነው ወይ ብለው ጠየቋት፤ እሷም ስላሰቃያችሁን አላህ መውጫ እስኪሰጠን ድረስ ወደ ሰፊው የአላህ ምድር እንወጣለን የሚል መልስ ሰጠቻቸው። ዑመር አልተቆጡም። አላህ አብሯቸው እንዲሆን ተመኝተው፣ ፊታቸው ላይ ሐዘን እየታየ ሄዱ። ለይላ ያየችውን ለባሏ ስትነግረው እሱ ይህ ሰው ይለወጣል ብሎ ማመን አቃተው። ቤቱን ጥሎ የሚሰደድን ሰው በቅርብ ማየት ግን በዑመር ልብ ውስጥ አንድ ነገር ሳይነካ አልቀረም።

ብዙም ሳይቆይ እህታቸው ፋጢማና ባሏ ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ መስለማቸውን ሰምተው በቁጣ ቤቷ ገቡ። ቁርኣን ሲያስቀራቸው የነበረው ኸባብ ኢብኑል አረት፣ በባርነት የኖረ ሰይፍ ሠሪ፣ ፈርቶ ተደበቀ። ዑመር እህታቸውን መትተው ደም ሲያዩ ደነገጡ፤ የያዘችውን ጽሑፍ ለምነው ተቀብለው አነበቡና ልባቸው ተረታ። በዚያው ቀን ወደ ነቢዩ ሄደው ሰለሙ።

በመዲና የተማሩት

ወደ መዲና በተደረገው ስደት ብዙ ሙስሊሞች ቤትም ሀብትም አልነበራቸውም። ወላጅ፣ ዘመድ፣ መጠለያ የሌላቸው በነቢዩ መስጂድ ውስጥ ሱፋ በሚባል ጥላ ሥር ያድሩ ነበር። በዛሬ ቋንቋ የጎዳና ሰዎች ልንላቸው እንችላለን። መስጂዱ አላባረራቸውም፤ ነቢዩም ምጽዋት ሲመጣላቸው ለእነሱ ይልኩ፣ ስጦታ ሲመጣ ያካፍሏቸው ነበር።

ከሱፋ ሰዎች አንዱ ታላቁ የሐዲስ ዘጋቢ አቡ ሁረይራ ነበሩ። አንድ ቀን ረሃብ ሲጠናባቸው ዑመርን አገኟቸውና አንድ የቁርኣን አንቀጽ እንዲያስቀሯቸው ጠየቁ። የፈለጉት ቅሪአቱን ሳይሆን ወደ ቤት ተጋብዘው ምግብ ማግኘት ነበር፤ አፍ አውጥቶ መለመን ግን ከበዳቸው። ዑመር አንቀጹን አነበቡላቸውና ወደ ቤታቸው ገቡ። አቡ ሁረይራ ጥቂት እንደተራመዱ በረሃብ ወደቁ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ነቢዩ ከራስጌያቸው ቆመዋል፤ ወደ ቤታቸው ወስደው ወተት አጠጧቸው። በኋላ ዑመር ነገሩን ሲሰሙ፣ ያን ዕለት አቡ ሁረይራን ቤታቸው አስገብተው ቢሆን ኖሮ የዐረብ ውድ ሀብት ከሆነው ቀይ ግመል ይልቅ ይወዱት እንደነበር በጸጸት ተናገሩ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም እንደሚባለው፣ ዑመርም በዚያ ቀን የተራበውን ሰው አይተው ረሃቡን አላዩም። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወታቸው ግን ይህን ላለመድገም ሲተጉ ያሳየናል።

በዚያው ዘመን ሌላ ነገር ተከሠተ። ዐባድ ኢብኑ ሹረሕቢል የሚባል ሰው በረሃብ ወደ መዲና መጣ። ከአንድ እርሻ ገብቶ እሸት አሸና በላ፤ ጥቂትም በልብሱ ቋጠረ። ባለ እርሻው ደርሶበት ደበደበው፣ ልብሱንም ወሰደበት። ዐባድ ለነቢዩ አቤት አለ። ነቢዩ ባለ እርሻውን ጠርተው ወቀሱት፤ ሰውየው ባላወቀ ጊዜ አላስተማረውም፣ በተራበ ጊዜም አላበላውም። ልብሱ እንዲመለስ አዘዙ፣ ለዐባድም እህል ተሰፍሮ ተሰጠው። ከሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ የተወቀሰው የሰረቀው ሳይሆን ባለ ንብረቱ ነው። ይህ ፍርድ ዑመር ያደጉበት ትምህርት ቤት ነው።

ሌባ ሊጠብቁ ወጥተው

ዑመር በ13ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ634) ከአቡ በክር አስ-ሲዲቅ (ረ.ዐ) በኋላ ኸሊፋ ሆኑ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሻም፣ ኢራቅ፣ ፋርስና ምስር በእሳቸው አስተዳደር ሥር ገቡ። እሳቸው ግን የተጣፈ ልብስ ይለብሱ፣ ሌሊት ደግሞ በመዲና መንገዶች ይዘዋወሩ ነበር።

አንድ ሌሊት የነጋዴዎች ቅፍለት በመስጂዱ አጠገብ ሰፈረ። ዑመር ከዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ጋር ሆነው ንብረታቸውን ከሌባ ሊጠብቁ ወጡ። እየጠበቁ ሳለ ሕፃን ሲያለቅስ ሰሙ። ወደ እናቲቱ ሄደው ልጇን እንድታባብል መከሯት፤ ተመለሱ። ልጁ ግን ማልቀሱን አላቆመም። ሦስተኛ ጊዜ ሄደው ምክንያቱን ሲጠይቁ፣ ማን መሆናቸውን ያላወቀችው ሴት ልጁን ከጡት ልታስጥለው እየታገለች መሆኑን ነገረቻቸው። ዑመር ለሕፃናት ድርጎ የሚሰጡት ጡት ከጣሉ በኋላ ብቻ ነበርና ድርጎው ቶሎ እንዲጀምርለት ያለ ጊዜው ልታስጥለው ፈልጋ ነው።

ዑመር ፈጅርን ሲያሰግዱ ከልቅሶ የተነሣ ንባባቸው አልሰማ አለ። ከሰላት በኋላ ስንት የሙስሊም ልጅ በዚህ ደንብ ተጎድቶ እንደሚሆን ተናግረው ራሳቸውን ወቀሱ። ከዚያም እናቶች ልጆቻቸውን ከጡት ለማስጣል እንዳይቸኩሉ፣ ለእያንዳንዱ ሕፃን ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ ድርጎ እንዲቆረጥለት አዋጅ አስነገሩ፤ ለየግዛቱም ጻፉ። በዚያ ሌሊት ሌባ ሊይዙ የወጡት ኸሊፋ ያገኙት የራሳቸውን ደንብ ጥፋት ነው።

በሌላ ሌሊት ከመዲና ወጣ ብሎ ሲራር በሚባል ሥፍራ እሳት አዩ። ከአገልጋያቸው አስለም ጋር ሲደርሱ አንዲት ሴት ድስት ጥዳ፣ ልጆቿ ዙሪያዋን ያለቅሳሉ። ድስቱ ውስጥ ውኃ ብቻ ነበር፤ ልጆቹ ምግብ እየበሰለ መስሏቸው እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ነው። ሴትዮዋ በእሷና በዑመር መካከል አላህ እንደሚፈርድ ተናገረች። ዑመር ስለ እሷ ችግር ዑመር በምን ያውቃል ብለው ሲጠይቁ፣ ሊመራን ተሹሞ እንዴት ይረሳናል የሚል መልስ አገኙ። ወደ ዱቄት ቤት ሮጠው ከረጢት ዱቄትና ስብ አወጡ። አስለም ልሸከም ሲል በትንሣኤ ቀን ሸክማቸውን እሱ እንደማይሸከምላቸው አስታውሰው በራሳቸው ጀርባ ወሰዱት። ጭሱ በጢማቸው መካከል እየወጣ እፍ እያሉ አበሰሉ፤ ልጆቹ ጠግበው ሲስቁ እስኪያዩም ከዚያ አልሄዱም።

ያ የዱቄት ቤት የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ሳይሆን የመንግሥት ተቋም ነበር። ዑመር በውስጡ ዱቄት፣ በሶ፣ ቴምርና ዘቢብ አስቀምጠው መንገደኛና ስንቅ ያለቀበት ሰው እንዲረዳበት አደረጉ። በመካና በመዲና መካከል ባለው መንገድም ለመንገደኛ የሚያስፈልገው እንዲዘጋጅ አዘዙ። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ኢብኑ ሰቢል፣ ማለትም ከቤቱ ርቆ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ነው። ዑመር ይህን ድንጋጌ በመጋዘንና በእህል ገለጹት።

ርዳታው በሃይማኖት አልተወሰነም። አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ እንደዘገቡት፣ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አይሁዳዊ ሲለምን አዩ። ለልመና ያበቃው ግብር፣ ችግርና እርጅና መሆኑን ሲነግራቸው እጁን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱት፣ ካላቸው ሰጡት። ከዚያ ለበይተል ማል ኃላፊው ልከው እሱና እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ግብር እንዲነሣላቸው፣ ድጎማም እንዲሰጣቸው አዘዙ። በወጣትነቱ ግብር ሲከፍል ኖሮ በእርጅናው መጣሉን ፍትሕ አድርገው አላዩትም።

የአመዱ ዓመት

በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ639) በሒጃዝ ዝናብ ጠፋ። ምድሩ ጠቆረ፤ ነፋሱ የሚያነሣው አቧራ አመድ ስለመሰለ ዘመኑ ዓሙ ረማዳ፣ የአመዱ ዓመት ተባለ። ችግሩ ዘጠኝ ወር ያህል ቆየ። ከየበረሃው የተፈናቀሉ ዘላኖች ወደ መዲና ጎርፈው በዙሪያዋ ሰፈሩ። ቤት የላቸውም፤ ሥራም ከብትም የላቸውም።

ዑመር ሰፋሪዎቹን በጠባቂ ወደ መጡበት አልመለሱም። በከተማዋ አቅጣጫዎች ኃላፊዎች መድበው ማታ ማታ እየሰበሰቡ የየሰፈሩን ሁኔታ ይሰሙ ነበር። ድስቶች ከሱሑር ሰዓት ጀምሮ ይጣዱ ነበር። ኢብኑ ሰዕድ እንደመዘገቡት አንድ ማታ በማዕዳቸው የተመገቡትን ሲያስቆጥሩ 7,000 ሰው ተገኘ፤ መምጣት ያልቻሉ ቤተሰቦች፣ ሕመምተኞችና ሕፃናት ደግሞ 40,000 ነበሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቁጥሩ 10,000 እና 50,000 ደረሰ። ከሻም አቡ ዑበይዳ 4,000 ግመል እህል ጭነው ደረሱላቸው።

ኸሊፋው ራሳቸው ሕዝቡ እስኪያገኝ ድረስ ቅቤና ሥጋ ላለመብላት ማሉ። በዘይትና በደረቅ ዳቦ ከመኖር የተነሣ ቀይ የነበረው መልካቸው ጠቆረ። ረሃቡ ባይነሣ ኖሮ በየሙስሊሙ ቤት በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ችግረኞችን ለማስገባት አስበው እንደነበርም ተዘግቧል፤ ሰው በግማሽ ጥጋብ አይሞትም የሚል እምነት ነበራቸውና። የነቢዩን አጎት ዐባስን ይዘው ወጥተው ዝናብ ለመኑ። ዝናቡ ሲመጣም ተፈናቃዮቹን ስንቅና የሚጫኑበትን ግመል ሰጥተው ወደ አገራቸው ሸኟቸው። በዚያ ዓመት ዘካ ሰብሳቢዎችን አልላኩም፤ በቀጣዩ ዓመት የሁለት ዓመት ተሰብስቦ ግማሹ እዚያው ለድሆች ታደለ።

በዚያው የረሃብ ዓመት ዑመር በሌብነት ላይ የተደነገገውን እጅ የመቁረጥ ቅጣት አልፈጸሙም። ሕጉ አልተሻረም። የሸሪዓ ሊቃውንት እንዳስረዱት ሐድ የሚባለው ቅጣት ጥርጣሬ ባለበት አይፈጸምም። በረሃብ ዘመን ደግሞ ሕይወቱን ለማዳን የሰረቀውን ሳይቸግረው ከሰረቀው መለየት ያስቸግራል። በ751 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢብኑል ቀይም ይህንን በሰፊው አብራርተዋል፤ ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበልም ተጠይቀው በዑመር አቋም ተስማምተዋል። ስለዚህ ዑመር ሕጉን ተዉ ሳይሆን ሕጉን እስከ መጨረሻው አነበቡ ብንል እውነት ነው።

የሙዘይና ሰው ግመል

የዑመርን ፍርድ በደንብ የሚያሳየን ኢማም ማሊክ በሙወጣእ የዘገቡት ጉዳይ ነው። ሓጢብ ኢብኑ አቢ በልተዓ በበድር የዘመቱ የተከበሩ ሰሓባ ነበሩ። ባሮቻቸው ከሙዘይና ጎሳ የሆነ ሰው ግመል ሰርቀው አረዱ። ተይዘው ዑመር ዘንድ ቀረቡ። ዑመር መጀመሪያ ከሲር ኢብኑ ሰልትን እጃቸውን እንዲቆርጥ አዘዙት። ከዚያ ግን ነገሩን አሰቡና ወደ አሳዳሪው ዞሩ፤ ሓጢብ እነዚህን ሰዎች እያሠራ እንደሚያስርባቸው ተረዱ። ቅጣቱ ቀረ። የግመሉን ባለቤት ዋጋውን ሲጠይቁት በ400 ድርሃም ተጠይቆ አልሸጥም ማለቱን ነገራቸው። ዑመር ሓጢብ 800 ድርሃም እንዲከፍሉት ፈረዱ።

በዚህ ችሎት ሦስት ወገኖች ነበሩ። የተራቡት ሰዎች እጃቸው ዳነ። ግመሉ የተሰረቀበት ሰው ባዶ እጁን አልተመለሰም፤ ለድሃ ማዘን በእሱ ኪሳራ አልሆነም። ዕዳው የወደቀው ማብላት ሲገባው ባላበላው ላይ ነው። ኢማም ማሊክ ራሳቸው ዋጋውን እጥፍ ማድረግ በእነሱ ዘንድ እንደማይሠራበት ጠቅሰዋል፤ በካሣው መጠን ሊቃውንት ይለያያሉ። የዑመር ጥያቄ ግን ጸንቶ ይኖራል፦ ይህን ሰው የማብላት ግዴታ የነበረበት ማን ነው?

ብዙዎቻችን ክርክሩን በሁለት ሰው መካከል እናደርገዋለን፤ ሌባውና ባለ ንብረቱ። ሦስተኛውን ወገን ስለምንረሳው አንዱን ስናዝንለት ሌላውን እንበድላለን። ባለ ሱቁም እኮ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፤ ዳቦው በየቀኑ ቢወሰድበት እሱም ነገ ጎዳና ሊወጣ ይችላል። ዑመር ሁለቱንም ያዳኑት ሦስተኛውን ችሎት ፊት ስላቆሙት ነው።

እስር ቤትን የሚያውቁ ሰው

ዑመር እስርን የሚጠሉ ሰው አልነበሩም። በእሳቸው ዘመን በመካ የነበረው ሹም ናፊዕ የሰፍዋን ኢብኑ ኡመያን ቤት በ4,000 ድርሃም ለእስር ቤትነት ገዝተዋል። ዑመር ራሳቸውም ገጣሚውን ሑጠይዓን ዚብሪቃን የተባለ ሹም ስለሰደበ አሰሩት። ሑጠይዓ ከእስር ቤት ሆኖ ያለ አሳዳሪ ስለቀሩት ሕፃናት ልጆቹ ግጥም ላከ። ዑመር አለቀሱ፤ ፈቱትም። ነገር ግን እንዲሁ አልለቀቁትም፤ ዳግመኛ የሰውን ክብር በስድብ እንዳይነካ 3,000 ድርሃም ሰጥተው ቃል አስገቡት። የአባት መታሰር ልጆችን የሚያስርብ መሆኑን፣ ስድብ መተዳደሪያው የሆነም ሰው መተዳደሪያ ካልተሰጠው ወደ ስድቡ እንደሚመለስ ተረድተዋል።

በግድ ስለሚሠራ ጥፋት የተዘገበ ሌላ ፍርድም አለ። አንዲት ሴት ዝሙት ፈጽማለች ተብላ ቀረበች፤ እሷም አልካደችም። ሰይዲና ዐሊ (ረ.ዐ) ምክንያቷ እንዲጠየቅ አሳሰቡ። በበረሃ ውኃ ጥም ሊገድላት ሲል አንድ እረኛ ገላዋን ካልሰጠችው ውኃ እንደማያጠጣት ነግሯት እንደነበር ታወቀ። ዐሊ ተገድዳለች አሉ፤ ዑመርም በነፃ አሰናበቷት። የእምነት ቃሏ በቂ ማስረጃ ነበር፤ እውነቱን ያወጣው ግን ለምን የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን ሲያደርጉ ሰነፍን አልደገፉም። መሥራት እየቻሉ በአላህ ተመክተናል እያሉ መስጂድ የሚቀመጡትን ተነሥተው ሲሳይ እንዲፈልጉ ያስወጧቸው ነበር፤ ከሰማይ ወርቅና ብር እንደማይዘንብም ይነግሯቸው ነበር። ከረጢቱ በዳቦ ተሞልቶ እያለ የሚለምነውን ዳቦውን ወስደው ለዘካ ግመሎች በተኑበት ይባላል። በችግርና በማጭበርበር መካከል ያለውን ልዩነት ያውቁ ነበር። ልዩነቱን የሚያውቁት ግን ሰዎቹን ቀርበው ስለጠየቁ ነው።

ጥያቄው ዛሬም አለ

እነዚህ ፍርዶች ከ1,300 ዓመት በላይ ቢያልፋቸውም ጉዳዩ ዛሬም በፍርድ ቤቶች ይታያል። በጣልያን ጄኖቫ ከተማ አንድ ቤት የሌለው ሰው ወደ አራት ዩሮ የሚያወጣ አይብና ቋሊማ ሰርቆ የስድስት ወር እስራት ተፈርዶበት ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ ሰበር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 አጣዳፊ ረሃብን ለማስታገስ ጥቂት ምግብ መውሰድ ወንጀል አይደለም በማለት ፍርዱን ሻረው። በአሜሪካ በተቃራኒው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በኦሪገን ግዛት ግራንትስ ፓስ ከተማ ጉዳይ ላይ፣ ከተሞች በሕዝብ ቦታ የሚያድሩ ሰዎችን ሌላ ማደሪያ ባይኖራቸውም መቅጣት እንደሚችሉ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ወሰነ። በአገራችንም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 75 በሌላ መንገድ ሊወገድ ከማይችል ከባድና ቅርብ አደጋ ለመዳን የተፈጸመ ድርጊት እንደማያስቀጣ ይደነግጋል። ረሃብ ከእንዲህ ዓይነቱ አደጋ የሚቆጠረው መቼ እንደሆነ መመርመር የዳኛው ድርሻ ነው።

እኔ የሕግ ባለሙያ ስላልሆንኩ ለዳኞች የምለው የለኝም። እንደ ኢማም ግን ከዑመር ታሪክ የምረዳው ይህን ነው፤ ለመኖር ብሎ የሰረቀን ወይም የተከለከለ ቦታ ያደረን ሰው ማሰር ጉዳዩን አይፈታውም፣ የመጀመሪያው እርምጃም ሊሆን አይገባም። እስር ቤት ገብቶ ሲወጣ ያው ረሃብ፣ ያው ጎዳና ይጠብቀዋል። ከእስሩ በፊት የዱቄት ቤቱ መኖር አለበት። ማብላት የነበረበት ይጠየቅ፣ የተሰረቀበት ይካስ፣ መሥራት የሚችል ሥራ ያግኝ። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ የሚሰርቅ ካለ ዑመርም አልማሩትም ነበር።

ማብላት የነበረበት ሲባል ደግሞ መንግሥት ብቻ አይደለም። ዘካው ያልወጣ ነጋዴ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያዘገይ አሠሪ፣ የኢፍጣር ትራፊ ሲደፋ ጎረቤቱን ያላሰበ ቤተሰብ ሁሉ በሓጢብ ቦታ ሊቆም ይችላል። ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሰላት በፊት እንዲሰጥ የታዘዘው በዚያ ቀን ድሃው ለልመና እንዳይወጣ ነው። ከሰላት በኋላ የሚሰጥ እንደማንኛውም ሰደቃ ይቆጠራል። ልመናና ሌብነት ከመድረሳቸው በፊት መድረስ ማለት ይህ ነው።

የመጨረሻው ኑዛዜ

በ23ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ644) በዙልሒጃ ወር፣ ዑመር የፈጅርን ሰላት በማሰገድ ላይ ሳሉ አቡ ሉእሉኣ የተባለ ሰው በጩቤ ወጋቸው። ቁስሉ እንደማያስተርፋቸው ሲረዱ ልጃቸውን ዐብዱላህን ጠርተው ዕዳቸውን አስቆጠሩት፤ ወደ 86,000 ድርሃም ሆነ። ከቤተሰባቸው ሀብት እንዲከፍል አዘዙት። የፋርስና የምስር ግብር የሚገባለት በይተል ማል በእጃቸው የነበረ ሰው ዕዳ ይዘው ተለዩ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ፈቅደውላቸው ከነቢዩና ከአቡ በክር ጎን ተቀበሩ።

ከእሳቸው በኋላ ለሚመጣው ኸሊፋ በተዉት ኑዛዜ ውስጥ የበረሃ ዘላኖች ስም ተነሥቷል። በጎ እንዲደረግላቸው፣ ከሀብታሞቻቸው ትርፍ ተወስዶ ለድሆቻቸው እንዲመለስ አዘዙ። እነዚህ በአመዱ ዓመት ያለ ቤትና ያለ ስንቅ በመዲና ዙሪያ የሰፈሩት ሰዎች ነበሩ። ከሌላ እምነት ተከታዮች ጋር የተገባው ቃል እንዲጠበቅ፣ ከአቅማቸው በላይም እንዳይጫንባቸው አደራ አሉ። ከመሞታቸው በፊት ያሰቡት ነገ የሚራበውን ሰው ነው።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ የተራበውን ከመፍረዳችን በፊት የምናበላ ያድርገን። አላህ ይበልጥ ያውቃል።